በአየር መጥበሻ የሚሰናዳ የማታ ማዕድ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ያባቶቻችን ምሳሌ ከሌላው ስፍራ ይልቅ እውነትነቱ የሚታየው በወጥ ቤት ውስጥ ነው። ባልትና ጊዜን ይፈልጋል፤ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ፣ ወጡ እስኪንተከተክ ድረስ የሚታገሥ ሰው ያሻዋል። ዳሩ ግን በዛሬው የከተማ ኑሮ አባትም እናትም ሥራ ውለው፣ በመንገድ ደክመው፣ ከምሽቱ በ1 ሰዓት ቤታቸው ሲደርሱ፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ተመልሰው ርቧቸው ሲጠብቁ ያ የትዕግሥት ጊዜ ከወዴት ይገኛል? ከዚህ የተነሣ በብዙ ቤት አንዱ የቀዘቀዘውን ቆርሶ፣ ሌላው ከሱቅ የገዛውን ይዞ በየፊናው ይበላል፤ ገበታውም ሳይቀርብ ይመሻል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ አንድ መሣሪያና ስለ አንድ ምግብ ቢሆንም፣ ዋናው ሐሳባችን ቤተ ሰብ በአንድነት የሚቀመጥበትን ሰዓት ስለ ማትረፍ ነው።

መሣሪያው ኤር ፍራየር ይባላል፤ የአየር መጥበሻ ማለት ነው። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ በተደረገው ትርዒት ላይ ካቀረበው ወዲህ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል። ስሙ ግን ጥቂት ያሳስታል። ዘይት አፍልቶ የሚጠብስ ዕቃ ሳይሆን፣ ነፋስ ያለበት ትንሽ ምድጃ ነው። ከላይ በኤሌክትሪክ የሚግል ሽቦ አለ፤ በላዩ ያለው ማራገቢያ የጋለውን አየር ቁልቁል ይነዳዋል፤ ምግቡም ቀዳዳ ባለው ቅርጫት ውስጥ ተቀምጦ አየሩ ከላይም ከታችም ከጎንም ይዞረዋል።

ነፋሱ ምን ይጠቅማል ቢባል መልሱ ይህ ነው። በማንኛውም ምግብ ዙሪያ ቀዝቀዝ ያለ ስስ አየር እንደ ነጠላ ተሸፍኖ ይገኛል፤ ነፋሱ ይህን ነጠላ ይገፈዋል፤ ሙቀቱም ሳይከለከል ይደርሳል። ደግሞም ሥጋም ሆነ ድንች ላዩ ቡናማ ሆኖ ደስ የሚል ሽታ የሚሰጠው ሉዊ ካሚል ማያር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. በገለጠው የኬሚካል ለውጥ ነው፤ ይኸውም ፈጥኖ የሚሠራው ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። ውሃ ግን ከመፍያው በላይ አይሞቅም፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ አታክልቱ እርጥብ እንደ ሆነ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በደንብ የደረቀ አታክልት፣ በብዛት ያልታጨቀ ቅርጫት፤ የሙያው ምስጢር በእነዚህ በሁለቱ ያልቃል።

እኛ ግን ይህን የተማርነው በድንጋጤ ነው። መሣሪያው ቤታችን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ከበረዶ ቤት የወጣውን የበሬ ቋሊማ በረዶው ሳይለቅ፣ ገና ከታጠበ ድንችና ካሮት ጋር እስከ አፉ ሞልተን ከተትነው፤ ሙቀቱንም ወደ ላይኛው ቍጥር አደረስነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስናወጣው የቋሊማው ላይ ወርቅ መስሎ አምሮ ነበር። ታናሺቱ ልጃችን አንዱን ቋሊማ አንሥታ እስከ እኩሌታው ከበላች በኋላ ቀሪውን ብናየው ውስጡ ቀይና ቀዝቃዛ ሆኖ ተገኘ። ሆድዋን ይቆርጣት ይሆን፣ ትኵሳት ይነሣባት ይሆን እያልን ሌሊቱን ሁሉ ስንጠባበቅ አደርን። በእግዚአብሔር ቸርነት ምንም ሳይደርስባት ነጋ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ግን የውጭውን መልክ አይተን የውስጡን አንፈርድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደኅናና ባልተቈራረጠ ሥጋ ላይ ያሉት ተሐዋስያን በብዛት የሚገኙት በውጭ ገጹ ነው፤ እሳቱም በቶሎ ያገኛቸዋል። ሥጋው ተፈጭቶ ቋሊማ ሲሆን ግን በላዩ የነበረው ሁሉ ከመካከል ይገባል። ስለዚህ ጥሬ የበሬ ቋሊማ መካከሉ 71 ዲግሪ፣ የዶሮ ከሆነ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ለዚህ የሚያገለግል ባለ መርፌ የምግብ ሙቀት መለኪያ አለ፤ ከቋሊማው ጫፍ ገብቶ እስከ መካከሉ ሲደርስ ያነበበውን ያሳያል። መለኪያው የሌለው ሰው ከሁሉ የወፈረውን ቈርጦ ይመልከት፤ ነገር ግን ቀለም ብቻውን የታመነ ምስክር ስላልሆነ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ይሻላል።

አሁን ወደ አሰነዳዱ እንለፍ። ለአራት ሰው የሚበቃው ይህ ነው፤ 8 የበሬ ቋሊማ፣ 3 መካከለኛ ድንች፣ 2 ካሮት፣ 1 የፈረንጅ ቃሪያ፣ 1 ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬ፣ 2 ፍንጭት ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል። ቋሊማው ከሱቅ የሚገዛ ከሆነ በመጠቅለያው ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። ከምን ሥጋ እንደ ተሠራ ያስረዳል፤ በውጭ አገር ከሚሠሩት ብዙዎቹ የአሳማ ሥጋ አለባቸውና። ጥሬ ወይም በፋብሪካ የበሰለ መሆኑንም ይነግራል፤ የበሰለው ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። በረዶ ከሆነም ከማታው ጀምሮ በማቀዝቀዣው ውስጥ ሆኖ በረዶው ይልቀቅ።

ድንቹ ተልጦ በአውራ ጣት ውፍረት ይከተፋል፤ በቀዝቃዛ ውሃም 20 ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል። ይህ በከንቱ የተባለ አይደለም፤ የስዊድን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ ድንች በብርቱ ሙቀት ሲጠበስ አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ነገር ይፈጠርበታል። መዘፍዘፉ ይቀንሰዋል፤ ድንቹንም ወርቃማ ሲሆን ማውጣት እንጂ እስኪጠቍር መተው አይገባም። ከውሃው ወጥቶ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ከተደረቀ በኋላ ከካሮቱ ጋር በዘይቱ እኩሌታ ይታሻል። በ190 ዲግሪ ሙቀት 10 ደቂቃ ከቈየ ቅርጫቱ ተስቦ ይነቀነቃል። ከዚያ የቀረው ዘይት፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ያልተለያቸው ሽንኩርትና ቃሪያ ይጨመራሉ። የጥብስ ቅጠሉ በዘይት ሳይታሽ በደረቁ ቢበተን ነፋሱ ወደጋለው ሽቦ አንሥቶ ያቃጥለዋል።

ቋሊማው ሳይደራረብ በላያቸው ይደረደራል፤ በሹካ መወጋትም የለበትም፤ ሲወጋ ስቡ ፈስሶ ይጨሳል፤ ሥጋውም ይደርቃል። በ180 ዲግሪ 12 ደቂቃ ያህል ይጠበስና በመካከሉ አንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ከተለካ በኋላ ይወጣል። ቅርጫቱ ትንሽ ከሆነ በሁለት ጊዜ መሥራት እንጂ ማጨቅ አይበጅም። መዘፍዘፉ ሳይቈጠር፣ በእሳቱ ላይ የሚያልፈው ጊዜ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። በዳቦም በእንጀራም፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር ሲቀርብ ይጣፍጣል።

ስለ ኤሌክትሪኩም ማሳሰቢያ አለን። በብዙ ቤት ይህ መሣሪያ የሚገባው ከአሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶች በስጦታ ነው። የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ሲሆን ያገራችን መስመር 220 ቮልት ነው፤ እንዲሁ ቢሰካ በሽቦው ላይ የሚወርደው ኃይል ከተሠራበት ከሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ መሣሪያው ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ከታቹ የተጻፈውን ቮልት ሳያነቡ አይሰኩት። ዘመድም ከመላኩ በፊት ይህን ቢያውቅ ወጪው በከንቱ አይቀርም። ለ220 ቮልት የተሠራውም ቢሆን 1,500 ዋት የሚወስደው 7 አምፔር ያህል ይስባል፤ የእንጀራው ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ሲሆን ወደ 16 አምፔር ነው። ሁለቱን በአንድ ቀጭን ማራዘሚያ ላይ ማዋል አደጋ መጥራት ነው።

ከዚህም ጋር ጎረቤት ፈጥኖ የሚያዘጋጀውን ሁሉ ዕለት ዕለት መብላት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ ቋሊማን የመሰለ በጨው ወይም በመድኃኒት የተሰናዳ ሥጋ በቀን 50 ግራም የሚበላ ሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር የሚያገኘው ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል። እንግዲህ ቋሊማው አልፎ አልፎ፣ አታክልቱ ግን ዘወትር ይሁን።

ለእኛ ቤት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ፣ የአጽዋማቱም ወራት አሉና መሣሪያው በእነዚህ ቀኖች ሥራ አይፈታም። ቋሊማው ቀርቶ በስፍራው የተቀቀለና የደረቀ ሽምብራ ከድንቹና ከካሮቱ ጋር ቢጠበስ መልካም የጾም ገበታ ይሆናል። ነገር ግን የሥጋው ስብ በቅርጫቱና በታቹ ሳሕን ላይ ስለሚጣበቅ፣ ጾም ሳይገባ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደኅና አድርጎ ማጠብ ያስፈልጋል። አንዳንድ ቤቶች ለጾሙ የተለየ ድስት እንደሚያኖሩ፣ ለጾሙ ብቻ የተለየ ቅርጫት ያኖሩም ይኖራሉ።

ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ በቤታችን ሥራው ተከፍሏል፤ አባት ድንቹን ይከትፋል፤ ታላቁ ልጅ ያደርቀዋል፤ ታናሺቱም ሙቀት መለኪያውን ይዛ ቍጥሩን ጮኻ ታነባለች። እርሷ «ሰባ አንድ!» ሳትል ማንም እጁን ወደ ገበታው አይዘረጋም። የሚተርፈው ጊዜ በደቂቃ ቢቈጠር ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን አራታችንም እጃችንን ታጥበን በአንድነት ለመቀመጥ በቅቶናል።