ኢትዮጵያ የምትባለው አስትሮይድ

ቁጥሯ 1432፣ ስሟ ኢትዮጵያ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ፀሐይን ከሚዞሩት ዓለታማ አካላት አንዷ ናት። ሲሪል ጃክሰን የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ ጆሃንስበርግ በነበረው ዩኒየን ኦብዘርቫቶሪ ሆኖ ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. አገኛት።

ቀኑን ልብ በሉልኝ። አትክልት ተራ አጠገብ ሐውልታቸው የቆመላቸው አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ዓመት ከሦስት ቀን ማለት ነው። የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋም በዚያው በ1929 የተፈጸመ ነው። ፋሺስቱ አገራችንን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅሎ «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ» ባላት ዘመን የተገኘች የሰማይ አካል ስማችንን ይዛ መዞሯ ያኮራኛል። ብዙ ሰው ስለ እሷ አለመስማቱ ግን ይቆጨኛል።

«አገኘ» ሲባል በቴሌስኮፕ አጮልቆ ድንገት ያያት የሚመስለው አለ። እንዲያ አይደለም። በዚያ ዘመን ሰማዩ የሚነሣው በፎቶግራፍ መስታወት ላይ ነበር። ቴሌስኮፑ ከዋክብቱን እየተከተለ ለረጅም ጊዜ ሲያነሣ እነሱ ነጥብ ሆነው ይቀራሉ፤ አስትሮይድ ግን በመሀላቸው ስለምትንቀሳቀስ ስስ ጭረት ትተዋለች። ያቺን ጭረት ከአቧራና ከመስታወቱ እንከን ለይቶ ማውጣት ዓይንም ትዕግሥትም ይጠይቃል። ከዚያም በኋላ ወዲያው ስም አይወጣላትም። መጀመሪያ የተሰጣት መለያ 1937 ፒጂ ነበር፤ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው፤ «ፒ» የምትለው ፊደል በፈረንጆቹ ኦገስት የመጀመሪያ አጋማሽ መገኘቷን ታመለክታለች። ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው በተለያየ ጊዜ ታይታ ምህዋሯ በአስተማማኝ ሁኔታ ሲሰላ ብቻ ነው።

ፒያሳ ቡና ላይ ስሟን ባነሣሁ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ «ትወድቅብን ይሆን?» የሚል ነው። ፊልም ያስተማረን ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተጨናነቀ ቀበቶ ነው፤ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ሳይዛወር በፊት፣ ማለዳ መኪኖቹ ሽንኩርት ሲያራግፉ የነበረውን ግፊያ የመሰለ። እውነቱ ሌላ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ርቀት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከምድር እስከ ጨረቃ ካለው ከእጥፍ በላይ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ፓዮኒር 10 የተባለች መንኮራኩር ቀበቶውን ያለ ጉዳት አቋርጣዋለች። ስለዚህ «አስትሮይድ እየመጣ ነው» የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ ለዘመድ ከማስተላለፋችሁ በፊት ምህዋሩ የት የት እንደሚያልፍ ጠይቁ። ኢትዮጵያ ለፀሐይ በምትቀርብበት ጊዜ እንኳ የምድርን ምህዋር አትነካም፤ አንዱን ዙር ለመጨረስም ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል።