የእረኛው ውዳሴ በአምቦ ምድር

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ወደ ነበረችው ወደ አምቦ የሚደርስ መንገደኛ፣ ስሟን በጠርሙስ ላይ ሲያነብ ያደገ ነውና ውኃዋን አውቀዋለሁ ይላል፤ ከምድር ፈልቆ በሚወጣው ማዕድናም ውኃ ከሰው እኩል እንስሳም ድርሻ እንዳለው የሚረዳው ግን ከብቶች ወደ ሆራ ሲነዱ ያየ ዕለት ነው። ሆራ ማለት በኦሮምኛ ለከብት እንደ አሞሌ የሚጣፍጥ ምንጭ ሲሆን፣ ላሟ ገና ከሩቅ ሽታው ሲደርሳት አንገቷን አስግጋ ትገሠግሣለች፣ እረኛውም በትሩን በትከሻው አጋድሞ፣ ሁለት ክንዶቹን በላዩ ሰቅሎ፣ እያዜመ ይከተላታል።

ይህ ዜማ ፋሩ ሎኒ ይባላል፤ የከብት ውዳሴ ማለት ነው። (ውዳሴ የሚለውን የቤተ ክርስቲያን ቃል ለላም ሰጠህ ብሎ የሚነቅፈኝ አንባቢ ቢኖር፣ አስቀድሞ ዜማውን እንዲሰማ እለምነዋለሁ።) በውስጡ የቀንዷ አወጣጥ፣ የመልኳ ዓይነት፣ የወተቷ በረከት፣ የጥጃዋ ነገር አንድ በአንድ ይነሣል፤ ስለ ተራራውና ስለ ወንዙ ውበት ለብቻው ሲነገር ግን ብዙም አይሰማም፤ ምክንያቱም ተራራው ላሟ የምትወጣበት፣ ወንዙም የምትጠጣበት ስለሆነ፣ እርሷን ያመሰገነ እነርሱንም አመስግኗልና።

በሰለጠነው ዓለም የተፈጥሮን ድምፅ በዘፈናቸው ለማሰማት የሚሹ የባህል ሙዚቃ ወዳጆች በዘመናችን በዝተዋል። አሜሪካዊው ዘፋኝ ጀስቲን ቬርነን በክረምት ወራት ዊስኮንሲን ባለው የአባቱ የአደን ጎጆ ብቻውን ከትሞ ቦን ኢቨር የተባለውን ቡድኑን የመጀመሪያ አልበም እንደ ሠራ ይታወቃል። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ወደ ጫካ የገባው ከከተማ ሸሽቶ ሲሆን፣ የምዕራብ ሸዋው እረኛ የሚሸሽበት ከተማም የሚሸሽበት ምክንያትም የለውም። የሀገሩ የዘፈን መሣሪያም ቢሆን ከዚያው ምድር የተገኘ ነው፤ ማሲንቆ ማለት በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን፣ አንድ የፈረስ ጭራ፣ ደግሞም የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ደጋን ነውና። ዛሬ በየስቱዲዮው ኪቦርድ ሲተካው ዜማው ይተርፋል፤ የጭራው መፋቅ፣ ያ የጉሮሮ መሻከር የሚመስለው፣ ግን አብሮ አይተርፍም፤ እኔ በበኩሌ የማዝነው ለዚህ ነው።

በልጅነታቸው በአምቦ ከብት እየጠበቁ ዘፈን ከጀመሩት አንዱ የኦሮምኛ ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ ነበር። ገና 17 ዓመት ሲሆነው ታስሮ አምስት ዓመት በአምቦ ወኅኒ የቆየ ሲሆን፣ ግጥም መድረስን የተማረው በዚያ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል፤ የመጀመሪያው አልበሙ ሰኚ ሞቲም ከእስር ከወጣ በኋላ ለሕዝብ ቀረበ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማላን ጅራ የተባለው ዘፈኑ ሲሰሙት የተለያዩ ፍቅረኞች እንጉርጉሮ ነው፤ ነገር ግን ጉለሌን፣ ገላንን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለውን ደጋ በስም ስለሚጠራ፣ አድማጩ የጠፋችው ሴት ትሁን ምድሪቱ መለየት እስኪያቅተው ድረስ ሁለቱ ይዋሐዱበታል። እረኛ የላሙን ስም እየጠራ እንደሚያወድስ፣ ሃጫሉም የሀገሩን ስም እየጠራ ያለቅሳል፤ ሥልቱን ከመስክ ይዞት የመጣ ይመስለኛል።

ዘፈኑ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም.፣ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጊንጪ፣ ደንና የኳስ ሜዳ ለኢንቨስትመንት ሊሰጥ ነው በሚል የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሣ፤ በኦሮሚያ ሁሉ ሲዛመትም ያ ዘፈን በየአደባባዩ ይሰማ ነበር። በጊንጪ አቅራቢያ ያለውን የጭሊሞን ደን ያየ ሰው፣ ዝግባውና ጽዱ ከእርሻው መካከል ብቻቸውን ቆመው ሲያገኛቸው፣ ለአንድ ደን ይህን ያህል መቆጣት ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም።

ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ፤ ከሦስት ቀን በኋላ በአምቦ ተቀበረ። ወሩ የክረምት መግቢያ ነበርና፣ በሬ ወደ ሞፈር፣ ላም ወደ ለመለመው መስክ የሚወጡበት ጊዜ ነበር።