የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችንና የአዳማ ንግድ

በአዳማ ንግድ ቤት ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጉዳይ አለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት ለጸሐፊነት ወይም ለገንዘብ ተቀባይነት ሲቀጠር፥ ብልህና ትሑት ሆኖ ሳለ ከጅቡቲ የመጣ የጭነት ሰነድ ቢሰጡት ላኪውን ከተቀባዩ፥ ጠቅላላውን ክብደት ከተጣራው ክብደት ለይቶ ለማንበብ ይቸገራል። የዕለቱን ሽያጭ በመዝገብ አስፍሮ በካዝናው ካለው ገንዘብ ጋር ማመሳከርም እንግዳ ይሆንበታል። ጥፋቱ የወጣቱ አይደለም፤ ያላስተማሩትን ሊያውቅ አይችልምና።

ነገሩ ዱሮ እንዲህ አልነበረም። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፥ በመዝገብ አያያዝና በጽሕፈት መኪና የሠለጠኑ ወጣቶች ለባንኮች፥ ለመሥሪያ ቤቶችና ለንግድ ቤቶች ይደርሱ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታትም ሁለገብ የተባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለም ትምህርት ጎን ንግድን፥ እጅ ሥራን፥ እርሻንና የቤት አያያዝን ማስተማር ጀመሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን የሙያውን ትምህርት ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ወደሚገባባቸው የቴክኒክና ሙያ ተቋሞች አዛውሮ፥ አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን ክፍል የዩኒቨርስቲ መሰናዶ አደረጋቸው። መሰናዶው ዩኒቨርስቲ ለገባው ልጅ ጠቅሞታል፤ በሩ ለተዘጋበት ግን ለእንጀራው የሚሆን ሙያ አላስጨበጠውም።

በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ የታወቀው በቅርቡ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል በዩኒቨርስቲዎች ግቢ ተሰብስበው ሲፈተኑ፥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ደረሱ። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከ10 ተፈታኞች ከ9 የሚበልጡት ማለፊያውን አላገኙም። ከነዚህ አንዳንዶቹ በማካካሻ ትምህርት በኩል ዩኒቨርስቲ ቢገቡም፥ ብዙዎቹ ወደ ሙያ ተቋም ወይም በቀጥታ ወደ ሱቃችንና ወደ መጋዘናችን ይመጣሉ። ነጋዴው ይህን ቍጥር በጋዜጣ አንብቦ የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ ነው ብሎ ማለፉ፥ በእኔ አስተያየት የራሱን ሒሳብ አለማየት ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሥርዓተ ትምህርት አጠቃላይ ትምህርትን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አድርሶ፥ የሙያ ትምህርትንም ወደ ሁለተኛ ደረጃ መልሶታል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሒሳብ አያያዝን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ልጅ፥ ዋናን በጥቍር ሰሌዳ ላይ እንደ ተማረ ሰው ነው።

ይህን ጕድለት ለመሙላት እንደ አዳማ የተመቸ ከተማ ጥቂት ነው። የሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርብ ነው፤ የፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ ያገናኛታል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርም በደጇ ያልፋል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1993 ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የጀመረው የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲም እዚሁ አለ። ወደ ደቡብ ቢወርዱ በመቂና በባቱ የአትክልትና የአበባ እርሻ፥ በሻሸመኔም የመንገዶች መገናኛ የሆነ ሰፊ ገበያ ይገኛል።

ስለዚህ ትራንዚተሩ የደንበኛው ስምና ዋጋው የተሰረዘባቸውን አሮጌ ዲክላራሲዮኖችና ፋክቱሮች፥ እንደ አፄ ገላውዴዎስ ላሉ ትምህርት ቤቶች መለማመጃ ይሆኑ ዘንድ ቢሰጥ ወጪው እጅግ ጥቂት ነው። አስመጪውም በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሁለት ሦስት ተማሪዎችን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀብሎ ሥራውን ቢያሳያቸው፥ ወደ ፊት የሚቀጥረውን ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል። የንግድ ምሥጢር ይወጣብናል ብለው የሚሠጉ አሉ፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ለእነርሱ የሚበጀው ልጆቹን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከካዝናና ከደንበኞች መዝገብ አርቆ፥ በመጋዘን ዕቃ ቈጠራ ላይ ማሠማራት ነው።