«ሌይ ኦፍ» ማለት መባረር ነው?

አሜሪካ የሚኖር ወገናችን ሥራው ሲቆም «ሌይ ኦፍ አደረጉኝ» ይላል። ይህን የሰማ ሌላው ደግሞ «እገሌ እኮ ተባረረ» ብሎ ያወራል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ልዩነቱ የሰውን ስም ብቻ ሳይሆን ኪሱንም ይነካል።

«ሌይ ኦፍ» በአማርኛችን «ተቀነሰ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ድርጅቱ ገበያ ሲቀዘቅዝበት፣ ቅርንጫፍ ሲዘጋ ወይም የሥራ መደቡን ሲያጥፍ ሠራተኛውን ያሰናብታል፤ ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም። ቃሉ ቀድሞ «ሥራ እስኪመጣ ቤትህ ቆይ» እንደ ማለት ነበር። እንግሊዝ አገር ዛሬም በሥራ ሕጉ ይህን ትርጉም ይዟል፤ መደቡ ለታጠፈበት ሰው እዚያ የሚባለው «ሪደንደንት» ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ መሰናበት ሆኗል።

«ፋየርድ» ማለት «ተባረረ» ነው፤ በማርፈድ፣ ደንብ በመጣስ ወይም በሥራ ድክመት። «ሌት ጎ» ደግሞ ነገሩን ለማለስለስ የሚባል ነው። ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይበጃል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንኢምፕሎይመንት የምንለው የሥራ አጥ ክፍያ በመሠረቱ ያለ ጥፋቱ ሥራ ላጣ ሰው የቆመ ነው፤ ዝርዝሩ በየስቴቱ ይለያያል። ተቀንሳችሁ ሳለ ማመልከቻው ላይ «ፋየርድ» ወይም በፈቃድ መልቀቅን የሚያመለክተውን «ኩዊት» ብትሞሉ ጉዳያችሁ ሊጓተት፣ ክፍያውንም ልትከለከሉ ትችላላችሁ። አለቃ «ለስምህ ይሻልሃል» ብሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ ቢያቀርብ ሳያስቡበት መፈረም አይገባም፤ ወረቀቱ «በፈቃዱ ለቀቀ» ይላልና። የተባረረ ሁሉም ክፍያው ይቀርበታል ማለት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋትና የችሎታ ማነስ በብዙ ስቴቶች በአንድ ዓይን አይታዩም። የተከለከለም ሰው በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀነ ገደብ ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።

በጅምላ ለሚቀነሱ ደግሞ በ1988 የወጣ ዋርን አክት የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። በአጠቃላይ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ሥራ ቦታ ሲዘጋ ወይም በብዛት ሲቀንስ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ተቀነስኩ ማለት አያሳፍርም። ቃሉን በትክክል መናገርና በትክክል መሙላት ግን የቤት ኪራይ የሚከፍል ነገር ነው።