ጭነቱ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያስ?

ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ግን ከባድ መኪና ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናቸው፤ መሃላቸው የሐረጎ ተራራ ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ ለሾፌሩ የሚታየው ከፊቱ ያለው መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነው። ተሳቢ የሚጎትተው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፤ ቁልቁል የሚመጣው ፍሬኑ እንዳይግልበት በከባድ ማርሽ ይወርዳል። ከመጠምዘዣዎቹ በአንዱ መኪና ከተበላሸ ወይም ናዳ ከወረደ፣ ወጪውም ወራጁም ተሰልፎ ሎደር ይጠብቃል።

ተራራው ከእሳተ ገሞራ አለት የተሠራ ነው። ላዩን የሸፈነው የበሰበሰ ድንጋይና ሸክላ አፈር ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ መያዣውም ይላላል። መንገዱ ዳገቱን ቆርጦ ስለሚያልፍ ከበላዩ ያለው አፈር ድጋፉን አጥቷል። በመንገዱ ዳር ያለው የውኃ መውረጃ ዲች በደለል ሲደፈን ደግሞ ጎርፉ አስፋልቱን ተሻግሮ የታችኛውን ጠርዝ ይበላል። ለዚህ ነው የሐምሌው ብልሽት በሚያዝያና በግንቦት ሳይጠረግ ከቀረ ዲች ይጀምራል የምለው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ያለው የጣርማበር ተራራም ያው ጠባይ አለው፤ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በዚያ አካባቢ ሰፊ መሬት ተንሸራቶ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል።

የወቅቱ ነገር በግልጽ የሚታየው በማዳበሪያ ላይ ነው። አገሪቱ የምትጠቀምበት የአፈር ማዳበሪያ ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ይገባል። ለኮምቦልቻ የሚመጣው በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ይወጣል። የመኸር እርሻ የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ ስለሆነ ማዳበሪያው ከዚያ በፊት ገበሬው እጅ መግባት አለበት። ግዥው ወይም መርከቡ ከዘገየ ግን ጭነቱ የሚመጣው አፋር በሙቀት በሚነድበት፣ ደጋው በጭቃ በሚዘጋበት ሰሞን ነው። ቆላውና ደጋው በአንድ ወር፣ በተቃራኒ ምክንያት፣ ለመኪና ጠላት ይሆናሉ። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ አዋሽ ሞልቶ የአፋርን ሜዳ የሚያጥለቀልቅበት ጊዜም አለ።

ሆኖም ዋናው ማነቆ አስፋልቱ አይመስለኝም። ማዳበሪያው ኮምቦልቻና ደሴ መጋዘን ከገባ በኋላ ወደ ደላንታ፣ ተንታ፣ መቅደላና ሳይንት ገጠር መሄድ አለበት። ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ቀበሌ የሚገቡት አብዛኞቹ መንገዶች የጠጠርና የአፈር ናቸው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም፣ ዩራፕ፣ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት የታሰበ ነበር፤ ጠጠሩ ታጥቦ፣ ቱቦው ተደፍኖ የቀረበት ቦታ ግን ብዙ ነው። በጥቁር አፈር ላይ አይሱዙ አንዴ ከተቀረቀረ ኩንታሉ በአህያና በሰው ትከሻ ይጓዛል። ያ ሁሉ ወጪ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ገበሬው ላይ ነው። ሐምሌ ካለፈ በኋላ የደረሰ የዘር ማዳበሪያ ደግሞ ለዚያ ዓመት ጤፍ ብዙም አይረባም።

ወሎ የመንገድ እጦትን በከባዱ ያውቀዋል። በ1977ቱ ረሃብ የብሪታንያ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች እህል ከሰማይ የጣሉት መኪና የማይደርስባቸው ደጋዎች ስለነበሩ ነው።

ብዙ ሰው ተስፋውን በባቡሩ ላይ ጥሎ ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የሐዲድ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደርሷል፤ ነገር ግን የኃይል አቅርቦት ሳይሟላለት፣ በኋላም የሰሜኑ ጦርነት ጉዳት አድርሶበት፣ መደበኛ ጭነት ማመላለስ አልጀመረም። ቢጀምርም ሐረጎን አይወጣም፤ የደሴን ጭነት ኮምቦልቻ ላይ ያራግፋል። ከዚያ በላይ ያለው ሥራ የመኪናና የመንገድ እንደሆነ ይቀራል።

ስለዚህ የክልሉና የዞኑ ኃላፊዎች በየዓመቱ መጠየቅ ያለባቸው ስንት ኩንታል ኮምቦልቻ ገባ በሚል ብቻ አይደለም። ግንቦት ሳያልቅ ስንቱ ከሐረጎ በላይ፣ በወረዳ መጋዘን ውስጥ እንደተቀመጠ ይጠየቁ፤ ዲቹና ቱቦው ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት እንደተጠረገም ለሕዝብ ይንገሩ።