ዘበኛው በየትኛው ተራ ቁጥር ይከፈላል?

የጨረታ ሰነድ ውስጥ ያለውን የሥራ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ቢያነቡት ዘበኛው የለም። ቁፋሮ በሜትር ኩብ፣ ፌሮ በኪሎ፣ ልስን በካሬ ሜትር ተለክቶ ተቀምጧል። ዘበኛው አርማታ አይሞላም፣ ብሎኬት አይደረድርም፤ ወር ሲሞላ ግን ደመወዙን ይጠብቃል። የሳይት መሐንዲሱ፣ ፎርማኑ፣ የተከራየው ሚክሰርም እንደዚያው ናቸው። ሥራው ቢፈጥንም ቢቆምም በወር ይበላሉ።

ልምድ ያለው ዋጋ ገማች ነጠላ ዋጋ ከመሙላቱ በፊት ግምታዊ የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ወጪ በወር 400,000 ብር ነው እንበል። በ10 ወር የሚያልቅ ሕንፃ 4 ሚሊዮን ብር ይፈጃል፤ ወደ 14 ወር ከተጎተተ 5.6 ሚሊዮን። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሳይጨመር!

ሰሌዳው መራቀቅ የለበትም። ሥዕሉ ራሱ ገና ባላለቀበት ጊዜ ሃያ ሠላሳ መስመር ይበቃል። ሒሳቡም ቀላል ነው፦ 3,000 ካሬ ሜትር ልስን ቢኖር፣ አንድ ለሳኝ ከረዳቱ ጋር በቀን 15 ካሬ ቢጨርስ፣ የ200 ቀን ሥራ ይሆናል። አምስት ለሳኞች ከተሰማሩ 40 ቀን። የሚያስቸግረው ቅደም ተከተሉ ነው። ብሎኬቱ መቼ ያልቃል? በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ቱቦስ ተቀብሯል?

ካሳፎርማ ላይ ሲደረስ የሰሌዳው ጥቅም ፍንትው ይላል። ሶሌታ በተሞላ ማግስት ድጋፉ አይነቀልም፤ አርማታው ራሱን እስኪችል ሳምንታት ይቆያል። ኮንትራክተሩ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ወለል እሞላለሁ ካለ፣ የታችኛው ድጋፍ ሳይፈታ ለላይኛው ሌላ እንጨትና ሌላ ቋሚ ማቅረብ ግድ ይለዋል። ይህን ወጪ ሥዕሉ አያሳይም። የሚታየው ቀኖቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የዱፖንቱ ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ «ወሳኝ መስመር» የሚባለውን የሰሌዳ ዘዴ ሲቀምሩም ያሳሰባቸው ይኸው ነበር፤ አንድን ሥራ ማፋጠን ምን ያህል ያስወጣል? በእነዚያው ዓመታት፣ በ1959፣ የሲድኒ ኦፔራ ቤት ግንባታ የጣሪያው አሠራር ገና መልስ ሳያገኝ ተጀመረ። ጣሪያው ሲታወቅ፣ ቀድመው የተሠሩት የመሠረቱ ዓምዶች ክብደቱን እንደማይችሉ ታየና እንደገና መሠራት ነበረባቸው። በ1963 በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል የተባለው ሥራ በ1973 በ102 ሚሊዮን ተጠናቀቀ።

በእኛ አገር ደግሞ ክረምት አለ። መረሬ አፈር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ሐምሌ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ዳሩ ይናዳል፤ ገልባጭ መኪናው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። በጥር የተሰላ የቁፋሮ ዋጋ ለሐምሌ አይበቃም። ገማቹ ግን ሥራው የሚጀመርበትን ቀን አይወስንም፤ ግምገማ፣ የውል ፊርማ፣ ቅድመ ክፍያ፣ የቦታ ርክክብ እየተባለ ወራት ይነጉዳሉ። «ዋጋው ቁፋሮው እስከ ሚያዝያ ያልቃል በሚል የተሞላ ነው» ብሎ እንዳይጽፍም፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ዋጋ ከጨረታ ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ቁፋሮው ሰኔን ሊነካ ይችላል ብሎ ከጠረጠረ፣ የውሃ መሳቢያውን ፓምፕ ኪራይ ከወዲሁ በቁፋሮው ነጠላ ዋጋ ውስጥ ይከታል።