ትርፍ ጎማና የጎማ መጠገኛ፤ ወደ ስሜን ለሚጓዝ ቤተ ሰብ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ ለመድረስ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደባርቅ ወዲያ በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ የተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቍልቍለት ይጀምራል። ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወስደውም መንገድ ከዚሁ ከደባርቅ ይገነጠላል።

እንግዲህ ቤተ ሰቡን ይዞ የሚጓዝ ባለመኪና፥ ትርፍ ጎማ ልያዝ ወይስ መጠገኛው ብቻ ይበቃኛል ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ በጎማው ቍስል ዐይነት ይታወቃል። ምስማር የወጋው የጎማ መርገጫ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ በመጠገኛ ይደፈናል፤ እስከ ጎሚስታም ያደርሳል። ስለታም ድንጋይ ጐኑን የቀደደው ጎማ ግን በመድፈኛ አይድንም፤ ጐኑ ሲሄድ ሁልጊዜ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ስለ ሆነ መድፈኛው ይለቃል። ያን ጊዜ የሚያድነው ትርፍ ጎማ ብቻ ነው።

ነገር ግን ትርፉ አንድ ነው፤ ሁለተኛ ጎማ ቢወጋ መጠገኛና የነፋስ መሙያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱንም አስተባብሮ መያዝ ይገባል። ከመነሣትም አስቀድሞ የትርፍ ጎማው ነፋስ ይለካ፤ ክሪኩና የብሎን መፍቻው በቦታቸው መኖራቸው ይታይ። ሕፃናትን ይዞ በደጋ ብርድ መንገድ ላይ ከማደር፥ በቤት ሳሉ ጥቂት መድከም ይሻላል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።